«ውሻህን እሰር!» — «ለምን?»

ጊኒ ዎርም መድኃኒት የለውም። ክትባትም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1986 በዓለም ላይ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው ያሠቃይ የነበረው ይህ ትል በ2023 ወደ 14 ሰው የወረደው በመርፌ ሳይሆን በዋናነት ሰዎች ውሃቸውን እንዲያጣሩና ትል የወጣበትን እግር ኩሬ ውስጥ እንዳይነክሩ በማድረግ ነው። በአገራችን ትሉ መሽጎ አልወጣም ካለባቸው ቦታዎች ዋናው ፑኝዶ የምትገኝበት የጋምቤላው ጎግ ወረዳ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ በመላ አገሪቱ አንድም ሰው ሳይያዝ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 በዚሁ ወረዳ ዱሊ በምትባል መንደር እንደገና ብቅ አለ።

የትሉ ተንኰል ያለው በጊዜው ላይ ነው። ሰውየው ዛሬ ከጫካ ኩሬ ይጠጣል። በውሃው ውስጥ ነጥብ የምታክል የውሃ ቁንጫ አለች፤ በእርሷ ሆድ ውስጥ ደግሞ የትሉ እጭ። ሰውየው ምንም አይሰማውም። ያድናል፣ ማር ይቆርጣል፣ ዓሣ ያጠምዳል። ዓመት ያህል ቆይቶ እግሩ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይወጣና ሜትር የሚደርስ ትል ብቅ ይላል። እንደ እሳት ስለሚያቃጥለው እግሩን ውሃ ውስጥ ይነክራል። ትሉም የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር፤ እጮቹን ይረጫል፣ ቁንጫዎቹ ይውጧቸዋል፣ ዙሩም «ሀ» ብሎ ይጀምራል። ለመሆኑ አንባቢ ሆይ፣ እርስዎ አምና በዚህ ወር የጠጡትን ውሃ ያስታውሳሉ? በምክንያቱና በውጤቱ መካከል አንድ ዓመት በተጋደመበት ነገር እርግማንን የሚጠረጥር ሰው ቢገኝ ምን ይገርማል? ዲግሪ በዲግሪ ላይ ደርቦ ስለ ቡዳ የሚያወራ አዲስ አበቤ ሞልቶ የለም እንዴ!

የእኛ የጤና ትምህርት ግን ከጥንትም ጠባዩ የአለቃ ነው። «አጣርታችሁ ጠጡ!» «እንዳትነክሩ!» ትሉ ውሾችንና ዝንጀሮዎችን ጭምር እንደሚይዝ ሲታወቅ ደግሞ «ውሻችሁን እሰሩ!» መጣ። ትእዛዙ ትክክል ነው፤ በዚያ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ለአዳኝ ውሻው አፍንጫውም እግሩም ነው። ለምን እንደሚያስረው ያልገባው ሰው ሠራተኛው እስኪሄድ ድረስ ያስራል፤ ከዚያ ይፈታዋል። በእርሱ ቦታ ብሆን እኔም እፈታዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ነው እንግዲህ «አይገባቸውም» የሚለው የከተሜ ፍርድ የሚከተለው። አይገባቸውም? አዳኝ ማለት እኮ ያላየውን እንስሳ ከዱካው የሚያነብ ሰው ነው። ሣሩ ወደየት እንደተኛ፣ ጭቃው ደርቆ እንደሆነ፣ ኮቴው አንካሳ እንደሆነ አይቶ «ጠዋት አልፏል፣ ቆስሏል» ይላል። ቢሳሳት ጾሙን ያድራል። ከማይታይ ነገር ወደሚታይ፣ ከውጤት ወደ መነሻ መሄድ የዕለት እንጀራው ነው። የጎደለው የትሉ ዱካ ነው። ዱካው ዓመት ስለሚፈጅ ማንም ቆሞ አይቶት አያውቅም።

እዚህ ላይ ነው ኮሚክ የሚያስፈልገው። በሳጥን በሳጥን ተከፍሎ የሚሳለውን ታሪክ ማለቴ ነው። በመጀመሪያው ሳጥን አዳኙ ይጎነበሳል፤ በሁለተኛው ቁንጫዋ ገዝፋ ትታያለች፤ ከዚያ ክረምት ያልፋል፣ በጋ ይገባል፤ በአሥረኛው እግሩ ያብጣል። ዓመቱ በአንድ ቅጠል ላይ ተጠቅልሎ በደቂቃ ይነበባል። ይህን ፖስተር አይሠራውም፤ ስብከትም አይሠራውም። ዘዴው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ለሚለኝ ደግሞ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ሳጥን ከፋፍለው ሲስሉ የኖሩት የማን ሠዓሊዎች ናቸው?

«የልጅ ጨዋታ ነው» የሚሉም አይጠፉም። ጨዋታውን ኡጋንዳ ሞክራዋለች። በ120 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከአሥር ሺህ በላይ ልጆች የተሳተፉበት ጥናት ነው። በግማሾቹ ትምህርት ቤቶች ሕፃናቱ «ይህ መድኃኒት ያድናል» የሚላቸውን ሰው «በምን አወቅህ? ከምን ጋር አነጻጸርኸው?» ብለው እንዲጠይቁ በሥዕል ታሪክ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት ላይ የወጣው ውጤት እንደሚለው ከተማሩት 69 ከመቶው ፈተናውን ሲያልፉ፣ ካልተማሩት ያለፉት 27 ከመቶ ነበሩ። ኬንያ ደግሞ ከ2010 ጀምሮ «ሹጃዝ» የተባለውን ኮሚክ ለወጣቶቿ የምታቀርበው በመማሪያ መጽሐፍ ስዋሂሊ ሳይሆን ልጆቹ መንገድ ላይ በሚያወሩበት ሼንግ ነው።

እኔ የምለው ግን አዲስ አበባ ተስሎ፣ አማርኛው ተፍቆ አኙዋኛ የተጻፈበትን አይደለም። የጫካው አዳኝና ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፑኝዶ መጠለያ የሚኖረው ስደተኛ አንድ ዓይነት ውሃ አይጠጡም፤ አንድ ዓይነት ቀልድም አይቀልዱም። ለአዳኙ የአዳኝ፣ ለኑዌሩ ጎረምሳ የጎረምሳ ይሠራለት፤ ሥዕሉንም የአካባቢው ልጅ ይሳለው። ነጭ ካፖርት የለበሰ ሐኪም ጅሉን ገበሬ የሚገሥጽበት ታሪክ ደግሞ ይብቃን! ዱካውን አነፍንፎ የሚደርስበት ራሱ አዳኙ ይሁን። በመጨረሻው ገጽ ላይም «አትመኑን» ይባል፤ «የኩሬውን ውሃ በብርጭቆ ቅዱና ፀሐይ ላይ ያዙት፤ የምትንቀሳቀስ ነጥብ ፈልጉ። በጨርቅ አጣሩና ዳግመኛ ተመልከቱ።»

ወጪው ይበዛል ይሉ ይሆናል። ለጥቂት ሺህ ሰው ኮሚክ ማተም ብክነት ነው የሚል የሒሳብ ባለሙያ ካለ፣ ትሉ የቀረው እነዚያው ጥቂት ሰዎች ዘንድ መሆኑን ያስታውስ። የእኔ ጥርጣሬ ግን ሌላ ነው። ቢሮዎቻችን የሚፈሩት ወጪውን አይመስለኝም። «በምን አወቅህ?» ማለት የለመደ አዳኝ በኩሬው ላይ አይቆምም። የመንደሩ የእጅ ፓምፕ የተበላሸ ቀን ወረዳው ድረስ ይመጣና፣ «ውሻዬን ያሰርኩት እኔ፤ ፓምፑን ያልጠገነው ማን ነው?» ይላል። ይህቺን ሳጥን ማን ፈቅዶ እንደሚያሳትማት ለማየት እጓጓለሁ።