የምንበላውን ሳናውቅ የሚገድለንን እንዴት እንወቅ?

በየለቅሶው ቤት የሚሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ምን አሟት ነው?» ሲባል ድምፅ ዝቅ ይልና «ያ በሽታ ነው አሉ» ይባላል። ስሙን ደፍሮ የሚጠራው የለም። ትንሽ ቆይቶ ድንኳኑ ውስጥ ክርክር ይነሳል። አንዱ «የጨረሰን የአቃቂ ጎመን ነው» ይላል፤ ሌላው ወተቱን ይከሳል፤ ሦስተኛው በፌስታል የሚቋጠረውን ትኩስ ወጥ፣ አራተኛው የፋብሪካውን ጭስ። ዘይቱም፣ በርበሬውም፣ የታሸገው ውሃም ሳይቀር ስማቸው ይነሳል። ሁሉም ተጠርጣሪ፣ ሁሉም ነፃ!

እኛ ይህን ወሬ «የመሃይም ወሬ ነው» ብለን አንንቀውም። መሥሪያ ቤት የሚመልስለት ያጣ ሕዝብ እርስ በርሱ ቢጠያየቅ ምን ይደንቃል? ይልቅስ የሚደንቀው፣ ምርመራ ይደረግ ዘንድ በሕግ የተቋቋሙት፣ በጀት የሚመደብላቸው፣ ላብራቶሪ ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ዝም ማለታቸው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን የምንተርተው በበሽተኛው ላይ ብቻ መሆኑ ለምንድን ነው?

እስቲ ወሬውንና እውነቱን እንለይ። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2022 በኢትዮጵያ ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ አዲስ የካንሰር ሕመምተኛ ነበር፤ የሞተው ደግሞ ከ50 ሺህ በላይ ነው። ልብ በሉ፣ ግምት ነው። ሕመምተኛን አንድ በአንድ የሚቆጥረው መዝገብ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተከፈተው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን እሱም የሚቆጥረው የአዲስ አበባን ነዋሪ ነው። እንግዲህ «ካንሰር በዛ» ስንል በእርግጥ በዝቶ ነው ወይስ ድሮ «በምች ሞተ»፣ «በሆድ ቁርጠት ሞተ» ይባል የነበረው ዛሬ ስሙን አግኝቶ ነው? ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ዕድሜ ሲረዝምም ካንሰር ይጨምራል። በሴቶቻችን ላይ የበረታው የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ነው። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ደግሞ ቫይረስ እንጂ ጎመን አይደለም፤ ክትባቱም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። ይህን ሳያውቁ ሴት ልጃቸውን ከክትባቱ ቀን የሚያስቀሩ፣ ግን በገበያ ቆስጣ ሲያዩ ፊታቸውን የሚያዞሩ ወላጆች አሉ። ጉድ ነው!

ታዲያ አካባቢው ነፃ ነው ማለታችን ነው? በፍጹም!

ከወተቱ እንጀምር። በ2008 ዓ.ም. አንድ ጥናት ወጣ። ጥናቱን ያካሄዱት ባለሙያዎች መካከል ግቢው እዚሁ አዲስ አበባ ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ሰዎች ይገኙበታል። ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ 110 የወተት ናሙና ተሰበሰበ። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ያልተገኘበት ናሙና አንድም አልነበረም። አንድም! አውሮፓውያን ለወተት የፈቀዱት ጣሪያ በሊትር 0.05 ማይክሮግራም ሲሆን ከዚህ ያላለፉት ዘጠኙ ብቻ ነበሩ። አሜሪካኖች ለቀቅ አድርገው እስከ 0.5 ይፈቅዳሉ፤ ያንንም የዘለለው 29 ናሙና ነው።

መርዙ ከየት መጣ? ከሻጋታ። እህል፣ ለውዝ፣ በርበሬ በእርጥበት ሲቀመጥ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን ያመርታል። በጥናቱ ዋና ተጠርጣሪ ሆኖ የተገኘው የኑግ ፋጉሎ ነው። ላሚቱ የሻገተ ፋጉሎ ትበላለች፣ መርዙ በሰውነቷ ተለውጦ በወተቷ ይወጣል። ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም። በወተት የሚመጣው ዓይነት ከዋናው መርዝ ደከም ያለ መሆኑን ባለሙያዎች ይናገራሉ፤ ይህንን መደበቅ አንፈልግም። ሆኖም ዋናው አፍላቶክሲን የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው፤ የጉበት ቫይረስ ቢ ያለበት ሰው ላይ ሲሆን አደጋው በብዙ እጥፍ ያድጋል። በእኛ አገር ደግሞ ይህ ቫይረስ በደሙ ያለበት ሰው ጥቂት አይደለም።

ከዚያስ ምን ሆነ? ወሬው ተነዛ፣ ወተት የሚሸሽ በዛ፣ የከሰረው ደግሞ ሁለት ላም ያለው ምስኪን ገበሬ ነው። ፋጉሎውን ያሻገተው እሱ አይደለም፤ ገዝቶ ነው የሚያበላው። መድኃኒቱ እኮ ከባድ አልነበረም፤ ፋጉሎው በደረቅ ቦታ ይከማች፣ ከዘይት መጭመቂያው ሲወጣ ይመርመር፣ ውጤቱ ይለጠፍ። እኛ ግን ወር በገባ ቁጥር «በዚህ ወር ይህን ያህል የወተት ናሙና መረመርን፣ ይህን ያህሉ ከልክ አለፈ» የሚል ማስታወቂያ ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ወጥቶ አላየንም። ምርመራው ተደርጎ ከሆነ ለምን ይደበቃል? ካልተደረገ ደግሞ ባለሥልጣኑ ምን ይሠራል?

ወደ ወንዙ እንሂድ። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ከእንጦጦ ሥር ሲነሱ ውሃ ናቸው። ከተማውን ሲያቋርጡ የጋራዡን ዘይት፣ የሽንት ቤቱን ፍሳሽ፣ የሆስፒታሉን ጣጣ፣ የቆዳ ፋብሪካውንና የቀለሙን ዝቃጭ ጠጥተው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ። በዚሁ ውሃ በቄራ፣ በፒኮክና በአቃቂ ዳርቻ ለዓመታት ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ሲለማ ኖሯል። የእኛው ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከ20 ዓመት በላይ አፈሩንና ቅጠሉን ሲመረምሩ በተለያየ ጊዜ እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮም እየተገኘ ተጽፏል። ካድሚየም ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበ ነው። ክሮም ላይ ግን ወሬው ተሳስቷል። ቆዳ ፋብሪካዎች የሚያለፉበት ክሮም ሦስት የሚባለው ነው፤ ካንሰር የሚያመጣው ክሮም ስድስት ነው። ስለዚህ «ወንዙ ውስጥ ክሮም አለ» ብሎ መጮህ ብቻውን አይበቃም፤ የትኛው ክሮም? ስንት? የት ቦታ? ብሎ መጠየቅ ያሻል። ይህን የሚመልስ መሣሪያና ባለሙያ በአገሩ አለ። የሌለው የመናገር ፍላጎት ነው።

ሕጉማ ሞልቷል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕ አካባቢ መብታችን ነው ተብሏል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ወጥቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት ደንብ ለነባር ፋብሪካዎች የአምስት ዓመት የእፎይታ ጊዜ ሰጠ፤ እፎይታው ካለቀ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ለመሆኑ እፎይ ያለው ማን ነው? በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የአቃቂና የሞጆ ወንዞች መበከል አሳስቦት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ፍርድ ቤት አቁሞ ነበር። ክሱ ውድቅ ተደረገ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የወንዝ ዳርቻ ማስዋብ ተብሎ ብዙ ሥራ ተሠርቷል፤ ዳር ዳሩ አምሯል፣ አበባ ተተክሏል፣ መብራት በርቷል። ደግ ነው፤ መናፈሻ አንጠላም። ግን የውሃው ነገርስ? ዳሩን ማስዋብና ውሃውን ማጥራት ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። በ2017 ዓ.ም. ወንዝ በሚበክል ላይ የከተማው መስተዳድር የቅጣት ደንብ አወጣ። ላስቲክ ጥሎ የተቀጣውን ምስኪን እንሰማ ይሆናል፤ ዝቃጩን በሌሊት የሚለቀው ፋብሪካ ስንት ተቀጣ?

ከከተማው ወጣ ስንል ደግሞ አርሲና ባሌ አለ። በዚያ ምድር የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከሌላው አካባቢ ይልቅ ይበዛል፤ ከምሥራቅ አፍሪካ እስከ ደቡብ በሚዘረጋው ቀጠና ያለ ነገር ነው። ተጠርጣሪዎቹ በጣም ትኩስ ገንፎና መጠጥ፣ የማድ ቤት ጭስ፣ ሌላም ሌላም ናቸው። ከ65 ዲግሪ በላይ የሚጠጣ ትኩስ ነገርም፣ በቤት ውስጥ የሚነድ የእንጨትና የኩበት ጭስም «ሊያመጡ ይችላሉ» ተብለው የተመደቡ ናቸው። እዚህ ላይ ፋብሪካ አንከስም። እናቶቻችን ጭስ ሲጠጡ የኖሩበትን ማድ ቤት ግን ስለ አካባቢ ብክለት ሲወራ ማንም አያነሳውም። የከተማ ሰው ሲያስል ብክለት ነው፣ የገጠር ሴት ስታስል ልማድ ነው?

አንባቢ ሆይ፣ ባለሥልጣን እስኪናገር ሰውነትዎ አይጠብቅም። ጡት ላይ የማያም እብጠት፣ የቆዳው መሰርጎድ ወይም ከጫፉ የሚወጣ ደም፤ ከግንኙነት በኋላ ወይም የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚመጣ ደም፤ መጀመሪያ እንጀራው፣ ቀጥሎ ውሃው ለመዋጥ እንቢ ሲል፤ በሰገራ ደም፤ ሳምንታት ያለፈው ሳል፤ የማይድን ቁስል፤ ያለምክንያት የሚቀንስ ክብደት፤ እነዚህን ይዞ ቤት መቀመጥ አያስፈልግም። አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም፤ ያንን የሚለየው ግን ምርመራ እንጂ ጎረቤት አይደለም። ጠበሉንም ይጠመቁ፣ ዱዓውንም ያድርጉ፤ ሐኪሙ ጋ መሄድን አያስቀርም። ሐኪሞች ሲያማርሩ የሚሰማው ሕመምተኛው ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ላይ ደርሶ መምጣቱን ነው።

ግን እውነት እንነጋገር። ቀድሞ የመጣውስ ምን አገኘ? ለብዙ ዓመታት በአገሩ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ተራ ለማግኘት ወራት፣ አንዳንዱም ከዓመት በላይ ሲጠብቅ ዕጢው እሱን አልጠበቀም። አሁን በጅማና በሌሎችም ተጨምሯል፤ የሕዝቡ ቁጥር ግን ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው። ከወለጋ፣ ከጎጃም፣ ከሐረርጌ መጥቶ ለሣምንታት ጨረር የሚጠባበቀው ሕመምተኛ የሚያድርበት እንኳ የለውም፤ ዘመድ ያለው ዘመዱ ቤት፣ የሌለው በረንዳ ላይ።

አዋጅ 300 ላይ አንድ የተረሳ አንቀጽ አለ። ማንም ሰው፣ «እኔን በግል ነክቶኛል» ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ላይ ለባለሥልጣኑ አቤት ማለት ይችላል። ባለሥልጣኑ በ30 ቀን ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካው ፍርድ ቤት የመሄድ መብት አለው። የአቃቂ ነዋሪ፣ የሞጆ ነዋሪ፣ ወተት ገዥ እናት፣ ሁሉም።

ስለዚህ በግልጽ እንጠይቃለን። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ካለፈው መስከረም ወዲህ ስንት የወተትና የፋጉሎ ናሙና መርምሯል? የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከአቃቂና ከሞጆ ወንዞች የቀዳው ውሃ ውስጥ እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮም ስድስት ምን ያህል አገኘ? የማጣሪያ ጣቢያ ሳይኖራቸው ዛሬም የሚሠሩት ፋብሪካዎች የትኞቹ ናቸው? መልሱ ከነቁጥሩ ከመጣ ሳንጨምር፣ ሳንቀንስ በዚሁ ገጽ እናወጣዋለን። ካልመጣም አልመጣም ብለን በሚቀጥለው ሳምንት እንጽፋለን።