ስለ ዓሣ ትምህርትና ስለ ወንዞቻችን ጥበቃ የቀረበ አሳብ

ለአገር አስተዳዳሪዎች፥ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለ ይዞታዎች ሁሉ።

በአገራችን ስለ እርሻና ስለ ከብት ብዙ ይነገራል፤ ስለ ዓሣ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ዓሣ በውሃ ውስጥ ከመመላለስ በቀር ምንም የማያውቅ ፍጥረት ስለሚመስለን ለአጠባበቁ ብዙ አንጨነቅም። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን፥ ስሕተቱም የአገርን ሀብት የሚጎዳ መሆኑን ለማስረዳት ይህን ጥቂት ቃል እናቀርባለን። ዓመታቱንም ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን።

ዓሣ ይማራል። በ1970 ዓ.ም. ቤውኬማ የተባለ የሆላንድ ሊቅ ባሳተመው ጥናት፥ ካርፕ የተባለው ዓሣ አንድ ጊዜ በመንጠቆ ተይዞ ከተለቀቀ በኋላ መንጠቆን መሸሽ እንደሚማር አስረድቷል። ይህም ዓሣ ለጣናው ነጭ ዓሣ በወገን ዘመዱ ነው። በ2001 ዓ.ም. በታተመው የአውስትራልያ ጥናት ደግሞ፥ ትንንሽ ዓሦች ወደ እነርሱ በሚጎተት መረብ ላይ ያለችውን አንዲት ቀዳዳ ጥቂት ጊዜ ተፈትነው መውጫቸው አደረጓት፤ ከአሥራ አንድ ወር በኋላም አልረሷትም።

ከመማርም አልፎ ዓሣ አዲስ ዘዴ ይፈልጋል። በ1999 ዓ.ም. ላላንድና ሪደር የተባሉት ሊቃውንት ጋፒ የሚባሉትን ትንንሽ ዓሦች ሲመረምሩ፥ ወደ ምግብ የሚያደርሰውን ያልታወቀ መንገድ ከጠገቡት ይልቅ የተራቡት ቀድመው ሲያገኙት አይተዋል። ችግር በቅቤ ያስበላል የሚለው ተረታችን ለሰው ብቻ የተነገረ አይደለም ማለት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አንዱ ከሌላው መማሩ ነው። በ1984 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ጥናት፥ በካሪቢያን ባሕር በሳንታ ክሮይ ደሴት አጠገብ የሚኖሩ ዓሦች ወደ ሌላ መንጋ በተወሰዱ ጊዜ ነባሮቹን እየተከተሉ መንገዱን እንደ ተማሩ ይናገራል። ነባሮቹ ከተነሡም በኋላ እንግዶቹ በዚያው መንገድ ሄዱ፤ የሚመራቸው ነባር ያላገኙት ግን መንገዱን አላወቁትም። እንግዲህ አሮጌው ዓሣ ለመንጋው እንደ አገር ሽማግሌ ነው፤ እርሱ ሲጠፋ ሥጋው ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱም አብሮ ይጠፋል።

ይህን ወደ አገራችን እንመልሰው። በጣና ሐይቅ የሚገኙት ትላልቅ ነጭ ዓሦች አሥራ አምስት ያህል ዓይነት ናቸው። ወገናቸው በመንጋጋው ጥርስ የሌለው ሆኖ ሳለ፥ ከእነርሱ ስምንቱ ሌላ ዓሣ እየያዙ መብላትን ልማድ አድርገዋል፤ ይህም በዓለም ዘንድ የሚደነቅ ነገር ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት፥ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ፥ ለመራባት ወደ ጉማራ፥ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። ዳሩ ግን አጥማጆች በወንዙ አፍ መረብ ዘርግተው ስለሚጠብቋቸው፥ ከ1991 እስከ 2001 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ብዛታቸው ከመቶ ሰባ አምስት ያህል ጎደለ።

የጣና ነገር ለደጎሎና ለመካነ ሰላም ሰው ሩቅ አይደለም። በደጎሎ ደጋ ሥር ያለው ወንጪት ከጃማ ጋራ ተገናኝቶ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ በሽሎም እንዲሁ ዓባይን ይገባል። በበጋ ወንዙ ሲጎድል ዓሣው በጥልቁ ኩሬ ይሰበሰባል። በዚህ ጊዜ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በውሃው የሚበትን ሰው ባንድ ቀን ትልቁንም ትንሹንም ይጨርሳል።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። በመንጠቆ የተያዘው ዓሣ ቢያመልጥ ይማራል፤ ከመረብም የወጣው ለሌላው ምሳሌ ይሆናል። ከመርዝ ግን የሚተርፍ ስለሌለ የሚማርም የሚያስተምርም አይገኝም። ትምህርት የሚጠቅመው ለተረፈ ነውና።

«ሕዝቡ ሲቸገር ወንዙን እንዴት እንከለክለዋለን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛም ይከልከል አላልንም። መንጠቆና ሰፊ ዓይን ያለው መረብ በጊዜው ቢሠራባቸው ወንዙ ለልጅ ልጅ ይበቃል፤ ብርብራ ግን የዛሬውን ራት የነገውን ረኃብ ያደርገዋል። በአገራችን አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 መውጣቱ ይታወቃል፤ ዳሩ ግን አዋጅ በወንዝ ዳር የሚያስፈጽመው ሰው ካላገኘ ከወረቀት አያልፍም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሹም በግዛቱ ሦስት ነገር ቢያደርግ መልካም ነው እንላለን። መጀመሪያ፥ በክረምት በወንዝ አፍ መረብ እንዳይዘረጋ ያድርግ። ሁለተኛ፥ ብርብራና ሌላም መርዝ በውሃ እንዳይጨመር በየገበያው ያስነግር። ሦስተኛ፥ በየወንዙ አንድ ጥልቅ ኩሬ የአሮጌ ዓሦች መጠጊያ ሆኖ እንዲጠበቅ ከአገር ሽማግሌዎች ጋራ ይስማማ።

ዓሣ የሚገማው ከአናቱ ነው እየተባለ በሹም ይተረታል። በወንዙ ጥበቃ ግን ተረቱን በመልካም ለመለወጥ የሚቻለው በእናንተ ትጋት ነው።