የተያያዘ ፍሬን ይጠቅማልን?

በዚህ ወር በመኝታ ክፍላችን ከፈተናው ይልቅ ብዙ ያከራከረን ነገር የሞተር ብስክሌት ፍሬን ነው። ጉዳዩ ለአንዳንዶቻችሁ የጋራዥ ወሬ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገር ግን ክርክሩ የተነሣው አንድ ጓደኛችን ቀኝ እጁን በጀሶ ታስሮ ከመካከላችን ተኝቶ ሳለ ስለ ሆነ፥ እኛ እንደ ወሬ ልናየው አልቻልንም። የትምህርቱን ማስታወሻም እስከ ዛሬ በየተራ የምንጽፍለት እኛው ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓደኛችን መንዳት የተማረው በታላቅ ወንድሙ ሞተር ነበር። የዚያ ሞተር የእግር ፍሬን ሲረገጥ የኋላውን ጎማ ብቻ ሳይሆን በአንዲት ካቦ አማካይነት የፊተኛውንም ጭምር ይይዛል፤ የተያያዘ ፍሬን የሚባለውም ይኸው ነው። በኋላ ከትምህርት በተረፈው ሰዓት ዕቃ እያደረሰ ለኪሱ የሚሆን ሊያገኝ ዐስቦ ያንኑ ዐይነት 125 ሲሲ አሮጌ ሞተር ገዛ። የቀድሞው ባለቤት ግን ማያያዣዋን ካቦ አስፈትቶ ኖሯል። ለገዢው የነገረው የለም፤ ገዢውም አልጠየቀም። አንድ ቀን ዝናብ እንዳባራ በአስፋልት ቁልቁለት ሲወርድ ከመታጠፊያው ጋሪ ብቅ አለበት። እንደ ለመደው እግሩን ረገጠ፤ የኋላው ጎማ መሽከርከሩን አቁሞ ተንሸራተተ፥ ሞተሩም በጎኑ ተጋደመ። ጓደኛችን የእጁ አንጓ ተሰበረ። ፈረሱ ቆሞ ይመለከተው ነበር ብሎ ራሱ ሲነግረን ሳንስቅ አልቀረንም።

ካቦዋን የፈቱትን መካኒክ አፈላልገን አገኘናቸው። ዕድሜያቸው የገፋ፥ ንግግራቸው የረጋ ሰው ናቸው። «ልጆቼ፥ ይኸ ሞተር የሚሄደው አስፋልት ላይ ብቻ ነው ወይ? ኮረኮንች ላይ የፊት ፍሬን ሰው ይጥላል፤ የፈታሁትም ሰው እንዳይወድቅ ብዬ ነው» አሉን። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኝታ ክፍላችን ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ጥፋቱ የመካኒኩ ነው ሲል፥ ግማሹ ደግሞ ሁለቱን ፍሬን በአንድ ያሰረው ፋብሪካ ነው ይላል። እኛ ግን ሁለቱም ወገኖች ለመፍረድ ቸኩለዋል ባዮች ነን።

አስቀድሞ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ሞተሩና ነጂው በድምሩ 190 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል፤ ቆመው ሳሉ በየጎማው 95 ኪሎ ያርፋል። የክብደታቸው ማዕከል ከመሬት 60 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ፥ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 130 ሳንቲሜትር ቢሆን፥ ነጂው አጥብቆ ፍሬን ሲይዝና ፍጥነቱ በየሰከንዱ 6 ሜትር በሰከንድ ሲቀንስ 54 ኪሎ ያህል ከኋላ ወደ ፊት ይዛወራል። የፊተኛው ጎማ 149፥ የኋለኛው 41 ኪሎ ብቻ ይሸከማል ማለት ነው። ጎማ መሬቱን የሚጨብጠው በተጫነው ክብደት ልክ ስለ ሆነ፥ በእግሩ ብቻ የሚይዝ ሰው እምነቱን የሚጥለው ከሁለቱ በደከመው ላይ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በሁለቱም ፍሬን በዚህ ዐይነት ቢያዝ በ23 ሜትር ግድም ይቆማል። የኋላው ብቻ በደረቅ አስፋልት እንኳ ከዚህ ኀይል ግማሹን ቢሰጥ ነው፤ ስለዚህ 46 ሜትር ይፈጃል። በዚህ ልዩነት ውስጥ አንድ ጋሪ ከነፈረሱ ይቆማል፥ ቦታም ይተርፈዋል።

እንግዲህ «የፊት ፍሬን ሰው ይጥላል» የሚለው ነገር ከየት መጣ? ከሜዳ አልመጣም። የፊተኛው ጎማ በጠጠር ወይም በጭቃ ላይ መሽከርከሩን ካቆመ፥ መሪው ከእጅ ይወጣና ሰውየው ሳያስበው መሬት ላይ ነው። የኋላው ቢንሸራተት ግን ብዙ ጊዜ እግርን ለቅቆ ለማቃናት ፋታ ይገኛል። ከኮረኮንች የተማረ ሰው ይህንን ሕግ ወደ አስፋልት ይዞት ሲመጣ ነው ችግሩ። ይህም የእኛ ከተማ ነጂዎች ብቻ ጠባይ አይደለም። በሳውዝ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሀሪ ኸርት ቡድን በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር አደጋዎችን ስፍራው ድረስ እየሄደ መርምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ነጂዎቹ በጭንቅ ጊዜ የኋላውን ፍሬን ከልክ በላይ እየረገጡ እንደ ተንሸራተቱ፥ የፊተኛውን ግን ከሚገባው በታች እንደ ያዙ ጽፏል። የተያያዘ ፍሬን ለዚህ የተሰጠ መልስ ነው፤ የደነገጠ ሰው እግሩን እንደሚረግጥ ከታወቀ፥ እግሩ የፊቱንም ያሠራ ማለት ነው።

ዐሳቡ አዲስ አይደለም። የኢጣልያው ሞቶ ጉዚ እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. 850 ቲ3 በተባለው ሞተሩ ላይ የእግር ፍሬኑ የኋላውን ዲስክና ከፊተኞቹ ሁለት ዲስኮች አንዱን እንዲይዝ፥ የእጁም ሌላውን እንዲይዝ አድርጎ ነበር። ሆንዳ በ1993 በሲ.ቢ.አር. 1000 ኤፍ ላይ ከዚህ ዐልፎ ሄደ፤ እጅም ቢያዝ እግርም ቢረገጥ ሁለቱም ጎማዎች ይያዛሉ። ይህ ሁለተኛው ዐይነት ለብዙ ልምድ ላላቸው ነጂዎች አልጣማቸውም። ሞተሩን ለብቻው በኋላ ፍሬን እያባበሉ በጠባብ ስፍራ ማዞር የለመዱ ሰዎች «እግሬ የፊቱን ማን ያዝ አለው?» ቢሉ አይፈረድባቸውም፤ ማያያዣውን ያስፈቱም አሉ። እኛም ለእነርሱ ጠበቃ ልንሆን አንሻም፥ ተቃዋሚም አይደለንም። እነርሱ በሁለት ፍሬን መጫወት የሚችሉ ሰዎች ናቸው።

የእኛ ነገር ግን ሌላ ነው። በትንንሾቹ ሞተሮች ላይ የሚደረገው ማያያዣ እግርን ብቻ የሚመለከት ነው፤ የእጅ ፍሬን እንደ ቀድሞው የፊቱን ብቻ ይይዛል። እንዲያውም ብዙዎቹ እግር ቀስ ብሎ ሲረገጥ መጀመሪያ የኋላውን፥ ሲጠነክር ብቻ የፊቱን እንዲስብ የምታዘገይ ሞላ አለቻቸው። ስለዚህ ነጂው የሚያጣው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የኋላውን ለብቻው አጥብቆ የመያዝ ነጻነት። ይህች ነጻነት በኮረኮንች ቁልቁለት ላይ ዋጋ እንዳላት ለመካኒኩ እናምንላቸዋለን። ነገር ግን በዝግታ በሚሄዱበት ኮረኮንች የምታድነው ከአንድ ውድቀት ሲሆን፥ በፍጥነት በሚሄዱበት አስፋልት የምታሳጣው ያንን 23 ሜትር ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብንባል ምርጫችን አይከብደንም።

የተያያዘ ፍሬን ተቃዋሚዎች ከሚያነሡት ሁሉ እኛን በእውነት ያሳሰበን ግን ጠጠሩ አይደለም። አንደኛው ዝምታው ነው። ማያያዣዋ ካቦ ብትላላ ወይም የፊተኛው የፍሬን ሸራ ቢያልቅ፥ እግር ሲረገጥ የኋላው እንደ ወትሮው ስለሚይዝ ነጂው ምንም አይሰማውም። የሚሰማው በሚያስፈልገው ቀን ነው። ሁለተኛው ልማድ ነው። በተያያዘ ፍሬን የተማረ ሰው እጁን መጠቀም ሳያውቅ ይቀርና፥ ካልተያያዘ ሞተር ላይ ሲወጣ ግማሽ ፍሬን ይዞ ይነዳል። ጓደኛችን የወደቀው በእነዚህ በሁለቱ ነው እንጂ በጋሪው አይደለም። በሰው ሞተር ተውሶ የሚነዳ በበዛበት ከተማችን ይህ ሁለተኛው ነገር ቀላል አይምሰላችሁ።

«ታዲያ ለምን ኤ.ቢ.ኤስ. አይሆንም?» የሚሉን አሉ። ትክክል ናቸው፤ የተያያዘ ፍሬን ኀይሉን ያካፍላል እንጂ ጎማ እንዳይነክስ አያደርግም፥ ኤ.ቢ.ኤስ. ግን ያደርጋል። ቢ.ኤም.ደብልዩ በሞተር ላይ ካዋለው ከ1988 ጀምሮ ብዙ ሰው አድኗል። ጉዳዩ የዋጋ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2016 ጀምሮ በአዳዲስ ዐይነቶች ላይ ባወጣው ደንብ ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑት ኤ.ቢ.ኤስ.ን ግዴታ ሲያደርግ፥ ከ50 በላይ እስከ 125 ሲሲ ላሉት ግን ወይ ኤ.ቢ.ኤስ. ወይ የተያያዘ ፍሬን ብሎ ምርጫ ሰጠ። ሕንድም እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ በሚሸጡት ሁሉ ላይ ለትንንሾቹ ያንኑ ምርጫ ፈቀደች። ገዢው የሚያወጣው ገንዘብ ተቈጥሮ የተሰጠ ምርጫ መሆኑ ግልጽ ነው። እኛም የምንከራከረው በአሮጌ 125 ሲሲ ላይ ስለ ሆነ፥ ከሌለን ነገር ጋር እያወዳደርን ያለንን ማስፈታት ብልኅነት ሆኖ አልታየንም።

ስለዚህ እኛ ከተያያዘው ወገን ነን። ነገር ግን ከአንድ ጥያቄ ጋር ነው፤ ማያያዣ የፈታ ሰው ፈትቻለሁ ይበል። መካኒኩ የፈቱበት ምክንያት አላቸው፥ ባለቤቱም ሞተሩ የራሱ ነበር። ሞተሩ ሲሸጥ ግን ምክንያቱ ከባለቤቱ ጋር ቀረ፥ የተፈታው ፍሬን ብቻ ለጓደኛችን ተላለፈ። ይህንን ለመካኒኩ በአክብሮት ብንነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ከመሳቢያቸው ካቦዋን አወጡ። አልጣሏትም ነበር። «ልጁ ሲድን ይምጣ፥ ያለ ዋጋ እመልስለታለሁ» አሉን።

ጓደኛችን ጀሶው እስኪፈታለት ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። ካቦዋ ትመለስ ወይስ ትቅር የሚለውን ገና አልቈረጠም፤ የሚውለው በኮረኮንቹ ሰፈርም በአስፋልቱም ነውና አንቸኵለውም። የቈረጠው አንድ ነገር አለ፤ ዕቃ ማድረሱን ከመጀመሩ በፊት ባዶ ሜዳ ላይ በእጅ ፍሬን ብቻ ማቆም ሊለማመድ ነው። ሞተር ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ የፊተኛውን ጎማ ከመሬት አንሥታችሁ፥ ሌላ ሰው እያዞረው የእግር ፍሬኑን ርገጡ። ጎማው ከቆመ ማያያዣው ይሠራል፤ ካልቆመ ወይ ሞተራችሁ የተለያየ ፍሬን ያለው ነው፥ ወይ አንድ ያልተነገራችሁ ነገር አለ። የእኛን አስተያየት የሚቃወም ጽሑፍ ካለ ለሚቀጥለው እትም ይላክልን፤ በተለይ ከኮረኮንቹ ወገን።