አንድ ነገር ይበቃኛል ስለሚል መራጭ

እሑድ ከጸሎት በኋላ ቡና ይዘን ስንቀመጥ፣ በጨዋታ መካከል ደጋግሜ የምሰማው አንድ አነጋገር አለ። ይኸውም፣ «እኔ በምርጫ የማየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱ ይበቃኛል» የሚል ነው። በቅርቡ ይህን የነገረኝ፣ በቨርጂንያ ፌርፋክስ በሚባለው አውራጃ የሚኖር፣ ቀንና ሌሊት ሠርቶ ሁለት ልጆች የሚያሳድግ፣ የአሜሪካን ዜግነት ከያዘ ብዙ ዓመት የሆነው ጨዋ ሰው ነው። አንድ ነገር ያለውም የፆታ ማንነት ክርክር ነው፤ ወንድ ሆኖ የተወለደው ሴት ነኝ፣ ሴት ሆና የተወለደችው ወንድ ነኝ ሲሉ ሕግና ትምህርት ቤት እንዴት ይቀበላቸው የሚለው ነው። «ይህን የሚደግፍ ፓርቲ የእኔን ድምፅ አያገኝም» አለ። ከጎኑ የተቀመጠው ጎልማሳ ደግሞ፣ «የእኔም አንድ ነው፤ ስደተኛን የሚያሳድድ ፓርቲ ሌላ ምንም ደግነት ቢኖረው አልመርጠውም» ብሎ መለሰለት። እነርሱ እጅግ የተለያዩ መሰላቸው። እኔ ግን ሁለቱንም፣ ኮርቻው አምሮት ጥርሷን ሳያይ በቅሎ እንደሚገዛ ሰው አድርጌ አየኋቸው።

ልጆቼ፣ እናንተም ዛሬ ባይሆን ነገ ድምፅ የምትሰጡ ናችሁና ይህን ነገር በቀላሉ እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ። የምርጫ ወረቀት አንዲት ናት፤ በእርስዋ ላይ ግን ትምህርት ቤቱም፣ ግብሩም፣ ሐኪም ቤቱም፣ ፖሊሱም፣ የጎረቤታችሁም ኑሮ ተጭኖባታል። በአንዱ ነገር ተቈጥቶ የሚመርጥ ሰው የቀረውን ሁሉ ሳያየው ፈርሞ ይሰጣል። ድምፁ የራሱ ነው ቢባልም የሚሰጠው የሌላውን ሰው ጭምር ነው። ስለዚህ ማንኛውም ጉዳይ ሲነሣ ሁለት ነገር ሊጠየቅ ይገባል እላለሁ። የምመርጠው ሰው በዚህ ጉዳይ ላይ ምን ለማድረግ ሥልጣን አለው? ያደረገው እንደ ሆነስ ሸክሙ የሚያርፈው በማን ጫንቃ ላይ ነው?

ይህን ሳንጠይቅ የቀረንበትን ጊዜ በገዛ ወገናችን ላይ አይቻለሁና ከዚያ ልጀምር። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ።) በ2021 በቨርጂንያ የአገረ ገዥ ምርጫ ነበረ። ቀድሞ አገረ ገዥ የነበሩት ዴሞክራቱ ቴሪ ማካውሊፍ በአንድ ወገን፣ ከንግድ ዓለም የመጡት ሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን በሌላው ወገን ቆሙ። በዚያን ጊዜ በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ይካሄድ ነበር። የፕሬዚዳንት ባይደን መንግሥት በሴፕቴምበር የማዕቀብ ትእዛዝ አወጣ፤ የቨርጂንያ ሰው ድምፅ በሰጠበት በኖቬምበር 2 ቀን ደግሞ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል እንደሚያስወጣ አስታወቀ። ከዚህ የተነሣ፣ ከዚያ በፊት ለዴሞክራቶች ድምፃቸውን ሲሰጡ የኖሩ ኢትዮጵያውያን ሳይቀሩ ባይደንን ለመቅጣት ብለው ለያንግኪን ዘመቱ። ስለ ጦርነቱ ራሱ እዚህ አልናገርም፤ ወገናችን በእርሱ ነገር ተለያይቷል፣ ቍስሉም ገና አልደረቀም። የምናገረው ስለ ሚዛኑ ነው። የቨርጂንያ አገረ ገዥ አምባሳደር አይልክም፣ ማዕቀብ አይጥልም፣ አያነሣምም። ያንግኪን በ2 ነጥብ ገደማ ብልጫ አሸነፉ። ማዕቀቡ ግን የመጣው ከሪችመንድ አልነበረምና ሪችመንድ ልታነሣው አልቻለችም።

ከሪችመንድ ሊመጣ የሚችለው ሌላ ነበር። በፌብሩዋሪ 2025 እኒሁ አገረ ገዥ፣ የግዛቱ ፖሊስና የወህኒ ቤት መሥሪያ ቤት ከፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ባለ ሥልጣኖች ጋር ስምምነት ገብተው በስደተኞች ላይ በሚደረገው ሥራ እንዲተባበሩ ትእዛዝ ፈረሙ። ይህ በእርግጥ በአገረ ገዥ እጅ ያለ ነገር ነው። በ2021 ቡና ላይ ተሰብስበን ስንከራከር ይህን የጠየቀ አንድ ሰው አላስታውስም። ከጠያቂዎቹ አንዱ አለመሆኔንም አልሸሽግም።

በዚያው ምርጫ የአገረ ገዥ ሥራ የሆነ ሌላ ትልቅ ነገር ተነሥቶ ነበር፤ እርሱም የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው። ማካውሊፍ በክርክር መድረክ ላይ፣ ትምህርት ቤት ምን ማስተማር እንዳለበት ወላጆች ሊያዙ አይገባም የሚል ቃል ተናገሩ። ዕድሜዬን በጥቁር ሰሌዳ ፊት የጨረስሁ ነኝና ሊሉ የፈለጉት ይገባኛል። ሠላሳ ወላጅ ሠላሳ ዓይነት መጽሐፍ ቢያዝ ትምህርት የለም። ነገር ግን አባቴ እኔን ወደ ሚስዮን ትምህርት ቤት በላከኝ በሦስተኛው ወር፣ «ልጄን ምን እያስተማራችሁት ነው? ሃይማኖቱንስ ልታስለውጡት ነውን?» ብሎ ግማሽ ቀን በእግሩ ተጕዞ መጣ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ፣ ፈረንጅ ቢሆንም፣ ወንበር ሰጠው፤ ሻይ አስቀረበለት፤ ማንበብ የማይችለውን መጽሐፍ ገጽ በገጽ እየገለጠ በአስተርጓሚ አስረዳው። አባቴ በሁሉ ነገር አልተስማማም፤ ተከብሮ ስለ ተመለሰ ግን እኔን ከትምህርት ቤት አላወጣኝም። በ2021 ስለ ትምህርት ቤት ብለው ያንግኪንን የመረጡ ወላጆችን የማልነቅፈው ስለዚህ ነው። ጥያቄያቸው ከሹመቱ ጋር የሚገጥም ጥያቄ ነበረ፤ መልስ ሊሰጣቸው የሚገባው ሰው ደግሞ ወንበር አላቀረበላቸውም።

ወደ ፆታው ክርክር ልምጣ። እምነቴን አልደብቅም፤ እግዚአብሔር ሰውን ወንድና ሴት አድርጎ እንደ ፈጠረ አምናለሁ፣ በእርጅናዬም አልለውጠውም። ይሁን እንጂ ልክን ማወቅ ደግሞ የእምነት ክፍል ነው። በ2022 የዩታ ምክር ቤት እንደነዚህ ያሉ ልጆች በሴቶች ስፖርት እንዳይወዳደሩ ሕግ ሲያወጣ፣ አገረ ገዥው ስፔንሰር ኮክስ፣ ሪፐብሊካን ሆነው ሳሉ፣ ሕጉን አልፈርምም ብለው መለሱት። በደብዳቤያቸው ላይ የጻፉት ቍጥር ይህ ነው። በዩታ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 75,000 ያህል ልጆች ስፖርት ይጫወታሉ፤ ከእነዚህ መካከል ፆታቸውን የለወጡት አራት ናቸው፤ ከአራቱም በሴቶች ቡድን የምትጫወተው አንዲት ናት። ምክር ቤቱ በጥቂት ቀን ውስጥ ተቃውሟቸውን ሽሮ ሕጉን አጸደቀው። በዲሴምበር 2024 ደግሞ የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር መሪ ቻርሊ ቤከር በሴኔት ፊት ቀርበው፣ ከ510,000 ተወዳዳሪዎች ውስጥ እርሳቸው የሚያውቋቸው እንዲህ ያሉ ተማሪዎች ከዐሥር እንደሚያንሱ ተናገሩ።

ትንሽ ቍጥር ስለ ሆነ ጥያቄው ከንቱ ነው አልልም። ልጇ በሩጫ የምትወዳደር እናት ስለ ፍትሕ ብትጠይቅ ጥያቄዋ የሚገባ ነው፣ ሊመለስላትም ይገባል። ነገር ግን ስለ አራት ልጆች የተነሣ ክርክር የአንድ ታላቅ አገር ምርጫ ዋና ቋጠሮ ሲሆን፣ ቋጣሪው ማን ነው ብሎ መጠየቅ የመራጩ ፋንታ ነው። ካማላ ሃሪስ በ2019 ለአንድ የመብት ማኅበር መጠይቅ ሲመልሱ፣ እስረኞችና ተይዘው የሚጠበቁ ስደተኞች ፆታን ከመለወጥ ጋር የተያያዘ ሕክምና በመንግሥት ወጪ እንዲያገኙ እንደሚደግፉ ገልጠው ነበር። በ2024 የዶናልድ ትራምፕ ወገን ይህን አንሥቶ በቴሌቪዥን ደጋግሞ አሳየው። ማስታወቂያው የቱን ያህል ብልህ እንደ ነበረ ልብ በሉ፤ በፆታ የሚቈጣውንና በስደተኛ የሚቈጣውን በአንድ ማሰሮ ቀቀላቸው። የሃሪስ ወገን በቂ መልስ ሳይሰጥ ቀረ። የሚጠይቀውን ሰው ሁሉ እንደ ኋላ ቀር መቍጠር በዚያ ፓርቲ ውስጥ የተለመደ ሕመም ሆኗል፤ ያልተመለሰ ጥያቄ ደግሞ በጠያቂው ልብ ቂም ሆኖ ይቀመጣል። ትራምፕ በ312 የመራጭ ድምፅ አሸነፉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እዩ። በጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን እንደ ያዙ፣ መንግሥት የሚያውቀው ወንድና ሴት የሚባሉ ሁለት ፆታ ብቻ ነው የሚል ትእዛዝ ፈረሙ። የፌርፋክሱ ወዳጄ በዚያ ቀን ደስ አለው። በዚያው ቀን፣ በዚያው ብዕር፣ የስደተኞች ቅበላ እንዲቆም ሌላ ትእዛዝ ተፈረመ፤ ዓመታት ተመርምረው ያለፉ፣ የአውሮፕላን ቲኬት የተቈረጠላቸው ሰዎች ጕዞ ተሰረዘ። ወላጆቻቸው ቋሚ ፈቃድ የሌላቸው ሕፃናት አሜሪካ በመወለዳቸው ያገኙት የነበረው ዜግነት እንዲቀር የሚያዝ ትእዛዝም ተፈረመ፤ እርሱ በጥቂት ቀን ውስጥ በፍርድ ቤት ታገደ። ወዳጄ የመጀመሪያውን ሲመርጥ የቀሩትን ሁለቱንም መርጧል። አስቦበት መርጦ ከሆነ መብቱ ነው፣ አልከሰውም። እርሱ ግን አላየኋቸውም ይላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቈጣኝ ግን፣ በበሩ ገብቶ በሩን የሚዘጋው የእኛው ሰው ነው። «እኛ በሕግ ነው የመጣነው» ይላል። መልካም፤ በየትኛው ሕግ? ከ1965 በፊት በነበረው የኮታ ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው በዓመት 100 ሰው ነበር። ያን ኮታ የሰረዘውን ሕግ በ1965 የፈረሙት ዴሞክራቱ ሊንደን ጆንሰን ናቸው። ከሱዳን መጠለያ ብዙዎቻችንን ያወጣውን የ1980 የስደተኞች ሕግ የፈረሙት ዴሞክራቱ ጂሚ ካርተር ናቸው። በ1986 ያለ ፈቃድ ይኖሩ ለነበሩ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መኖሪያ ያስገኘው ሕግ የሪፐብሊካኑ የሮናልድ ሬጋን ፊርማ አለበት። ዲቪ የምንለውን ዕጣ የወለደውን የ1990 ሕግ የፈረሙት ደግሞ ሪፐብሊካኑ ትልቁ ጆርጅ ቡሽ ናቸው። በእነዚያ ዓመታት ድምፅ የሰጠው አሜሪካዊ ስማችንን አያውቅም ነበር፤ ቢያውቅም መጥራት አይችልም ነበር። ያም ሆኖ የእርሱ ድምፅ በሩን ከፈተልን። ኦሪት ስለ መጻተኛው ስታዝ እስራኤልን በግብፅ የነበረበትን ኑሮ የምታስታውሰው በከንቱ አይደለም።

በሴፕቴምበር 2024 በፕሬዚዳንቱ ምርጫ ክርክር ላይ፣ በኦሃዮ ስፕሪንግፊልድ የሚኖሩ የሄይቲ ስደተኞች የሰውን ውሻና ድመት ይበላሉ ተባለ። የከተማው ሹማምንት ማስረጃ የለም አሉ፤ ያም ሆኖ በቦምብ ዛቻ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ሕፃናት ከክፍል እንዲወጡ ተደረገ። ከእኛ መካከል በዚያ ወሬ የሳቀ ነበር። እኔ ባለሁበት ተስቋል። ሳቂዎቹን፣ በዚያች ከተማ መንገድ ብታልፉ እናንተን ከሄይቲ ሰው የሚለይ ማን ነው ብዬ ብጠይቃቸው ዝም አሉኝ።

ሁለተኛው ጎልማሳም ከወቀሳ አያመልጥም። «ስደተኛን የሚወድ ፓርቲ» የሚለው ፓርቲ በኦባማ ዘመን ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ወደ አገራቸው መልሷል። ባይደንም በጁን 2024 በደቡብ ድንበር ጥገኝነት የሚጠይቁትን የሚገድብ ትእዛዝ አውጥተዋል። ከዚያ በፊት፣ በ2023 የበጀት ዓመት፣ በዚያ ድንበር የተያዙት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ ዴሞክራቱ የኒው ዮርክ ከንቲባ ኤሪክ አዳምስ ሳይቀሩ ከተማችን አልቻለችም ብለው ጮኹ። አልጋ አልቆ፣ ትምህርት ቤት ሞልቶ የተቸገረውን ድኻ ጎረቤት ሁሉ «ስደተኛ ጠሊ» ብሎ መሳደብ ለስደተኛው አልጠቀመውም፤ ጠላት አበዛበት እንጂ።

በኖቬምበር 2025 ቨርጂንያ እንደ ገና አገረ ገዥ መረጠች። ሪፐብሊካኗ ዊንሰም ኧርል-ሲርስ በልጅነታቸው ከጃማይካ የመጡ፣ በባሕር ወለድ ጦር ያገለገሉ ሴት ናቸው። የ2024ቱን ማስታወቂያ መሰል አሠርተው ከማስታወቂያቸው ብዙውን በዚሁ በፆታ ክርክር ላይ አዋሉት። ዴሞክራቷ አቢጌል ስፓንበርገር ስለ ኑሮ ውድነትና ከፌዴራል ሥራቸው ስለ ተባረሩ ሰዎች አብዝተው ተናገሩ፤ የያንግኪንንም የፖሊስ ትእዛዝ እንደሚሽሩ አስታወቁ። በ15 ነጥብ ገደማ አሸነፉ። ከእነዚያ መራጮች ብዙዎቹ በፆታው ነገር ሐሳባቸውን ለወጡ ብዬ አላምንም። ሥራውን ያጣ የመንግሥት ሠራተኛ የቤቱን ዕዳና ያን ማስታወቂያ በሚዛን አስቀምጦ ዕዳው ከበደበት እንጂ። ይህ ደግሞ የእምነት ማነስ አይደለም።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ነገርሁት። እርሱም፣ «እሺ ጋሼ፤ ታዲያ ልጆቼ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነገር እንዲሁ ይቅር?» አለኝ። እንዲሁ ይቅር አላልሁም። በ2023 የያንግኪን የትምህርት መሥሪያ ቤት ስለነዚህ ተማሪዎች አዲስ መመሪያ ሲያወጣ፣ ፌርፋክስ የራሴን ይዤ እቀጥላለሁ ብሎ አልተቀበለውም፤ በ2025ም በዚሁ ነገር ከፌዴራሉ የትምህርት ሚኒስቴር ጋር ፍርድ ቤት ደረሰ። እንግዲህ የልጆቹን ትምህርት ቤት ደንብ የሚቈርጠው፣ እርሱ በቴሌቪዥን የሚያየው ሰው ሳይሆን በአውራጃው የተመረጠው የትምህርት ቦርድ ነው። ቦርዱ 12 አባሎች አሉት፤ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ወላጅ ተመዝግቦ መናገር ይችላል። በ2023 ሲመረጡ ድምፅ ሰጥተህ ነበርን ብዬ ጠየቅሁት። የዚያን ዓመት ምርጫ ትንሽ ስለ መሰለው አልሄደም። ከ12ቱ የአንዱን ስም ንገረኝ አልሁት። ሲኒውን አስቀምጦ ጥቂት አሰበ፤ ከዚያም ስልኩን አውጥቶ መፈለግ ጀመረ።