የእጅ ሥራ፦ ነጩን ከየት እናምጣው?

ትምህርት ሲዘጋና ክረምቱ ሲከብድ የደብረ ማርቆስ ልጆች እጅ ሥራ አይፈታም። ከሽቦና ከዘይት ጣሳ አውቶቡስ፣ ከካርቶን አይሱዙ፣ ከቆርኪ ጎማ ይወጣል። ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ወላጅ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ያውቀዋል፤ «ጽሑፉስ?» ይላል ልጁ። ጎኑ ላይ ስም፣ ከፊቱ መስመር፣ ከኋላው ታርጋ የሌለው አውቶቡስ ለእሱ ገና ጣሳ ነው። ከሱቅ የተገዛው የፕላስቲክ መኪና ጽሑፍ አለው፤ የእሱ የለውም። ብዙ ልጅ የገዛ ሥራውን መናቅ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ብዙዎቻችን ወደ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሄደን በሚያሳይ ፕላስቲክ ላይ እናሳትማለን። ወረቀት ላይ ያማረው ሥራ ቆርቆሮው ላይ ሲለጠፍ ግን ይጠፋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የተለመደው ማተሚያ ነጭ ቀለም የለውም። ያለው ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ነው፤ ነጩን የሚያበድረው ወረቀቱ ነው። ብርሃን በስሱ ቀለም አልፎ ነጩን ወረቀት ነክቶ ስለሚመለስ ቢጫው ቢጫ ሆኖ ይታየናል። ከሥሩ ቀይ ቆርቆሮ ካለ የሚመለሰው ቀይ ነው። በድሮው አንበሳ አውቶቡስ ቀይ ቀለም ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ብትለጥፉ አረንጓዴው ይጠቁራል፤ ቢጫውና ቀዩ ቀዩ ውስጥ ይሰምጣሉ።

የአውሮፕላንና የመኪና ሞዴል መሥራት ልማድ በሆነባቸው አገሮች ለዚህ የሚሆን ዲካል የሚባል ወረቀት ይሸጣል። ውሃ ውስጥ ሲነከር ሥዕሉ ተንሸራቶ ይወጣል፤ ነጭ መደብ ያለውም አለ። አልፕስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነጭ ሪባን የሚቀበል ማተሚያ ሠርቶ ነበር፤ ምርቱ ቢቆምም ሞዴል ሠሪዎች አሮጌውን እስከ ዛሬ ይፈልጉታል። እኛ ግን ያን ሳንጠብቅ ከፎቶ ኮፒ ቤትና ከቀለም ሱቅ በሚገኝ ነገር እንሠራዋለን።

መጀመሪያ ልክ ነው። 12 ሜትር የሚረዝም አውቶቡስ 50 ጊዜ ሲያንስ 24 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እውነተኛው ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ይደርሰዋል። በዚህ መጠን የፊደል እግርና ቀለበት ስለሚደፈን ወፈር ያለና ክፍተቱ ሰፋ ያለ ፊደል ምረጡ። ለመጀመሪያ ሙከራ «መንቆረር» ይበቃል፤ ከተማዋ ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን የዛሬውን ስሟን ሳትወስድ በፊት የምትጠራበት ነው፤ አምስት ፊደል ብቻ።

ጽሑፉን ወይም ሥዕሉን በጥቁር መስመር አዘጋጅታችሁ ፎቶ ኮፒ አስነሡ። በፈሳሽ ቀለም የሚያትም ማሽን አይሆንም፤ ውሃ ሲነካው ይፈሳል። የፎቶ ኮፒና የሌዘር ዱቄት ግን የፕላስቲክ ዓይነት ስለሆነ ውሃ አይፈታውም። ካርቶን የሚታሸግበትን ሰፊ የሚያሳይ ስኮች በሥዕሉ ላይ ለጥፉና በማንኪያ ጀርባ ደኅና አድርጋችሁ እሹት። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ንከሩት። ከዚያ ከጀርባው ወረቀቱን በጣት እያሻሹ ማንሣት ነው፤ በጥፍር ከሆነ ዱቄቱም ይነሣል። ወረቀቱ ሲያልቅ መስመሩ ስኮቹ ላይ ቀርቶ ታገኙታላችሁ። የሚታየው በስኮቹ ፊት በኩል ስለሆነ ጽሑፉን መገልበጥ አያስፈልግም።

አሁን ቀለሙ። ስኮቹ ከደረቀ በኋላ ከጀርባው፣ ወረቀቱ በነበረበት በኩል፣ በመስመሮቹ መካከል ልጁ ቀለሙን ይቀባ። ሲደርቅ በሁሉም ላይ ነጭ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ሁለት ጊዜ በስሱ ይደረብ። ያ ነጭ ከወረቀቱ የተበደርነውን ይተካል፤ ከዚህ በኋላ ከሥሩ ቀይም ሰማያዊም ይሁን ቀለሙ አይለወጥም። ፊደሉ ራሱ ነጭ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ጠርዙን ብቻ በጥቁር አስነሥታችሁ ውስጡን በነጩ ሙሉት።

ቅደም ተከተሉን አደራ። የጥንት ሠዓሊዎቻችን በእንጨት ላይ ሥዕለ አድኅኖ ሲሥሉ አስቀድመው ነጭ ጄሶ ይለቀልቁና ቀለሙን ከላይ ያኖራሉ። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ቀለም ነጭ መሠረት ይፈልጋል። እኛ የምንቀባው ከጀርባ ስለሆነ ተራው ይገለበጣል፤ ቀለሙ መጀመሪያ፣ ነጩ መጨረሻ። ነጩ ከቀደመ ቀለሙ ከፊት አይታይም።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በሐምሌ እርጥበት ቀለም ቶሎ አይደርቅም። አንድ ሌሊት አሳድሩት። ከከሰል ምድጃ አታስጠጉት፤ ስኮቹ ይኮማተራል። ሲደርቅ በምላጭ ከጥቁሩ መስመር ዳር ዳር ቆርጣችሁ በሁለት ፊቱ በሚለጠፍ ስኮች ቆርቆሮው ላይ አኑሩት። ምላጩንና የጣሳውን ስለት አዋቂ ይያዝ፤ ማሻሸቱንና መቀባቱን ለልጁ ተዉለት።

ታርጋ ከሁሉ ይቀላል። በለመድነው ታርጋ መደቡ ነጭ ስለሆነ ተራ ነጭ ወረቀት ይበቃል፤ በአረንጓዴ «አማ» እና ኮድ 3 ተጽፎ በስኮች ይሸፈን። የቁጥሩን ምርጫ ለባለቤቱ ተዉት፤ አብዛኛው ልጅ የልደት ቀኑን ይጽፋል።

ይህ ሁሉ አንድ ጥቅል ስኮች፣ ከቤት ቀለም የተረፈ ነጭና አንድ ቅጠል ፎቶ ኮፒ ነው። ልጁ ግን «ደብረ ማርቆስ – አዲስ አበባ» የሚል አውቶቡስ ይኖረዋል። ከሱቅ የሚገዛው መኪና ላይ የእሱ ከተማ ስም ተጽፎ አይመጣም።