ፈጣኑ ለምን ይሸነፋል?

እስቲ አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው ሩብ ማይል ተሽቀዳደሙ። አንዱ መንገዱን በ6.53 ሰከንድ ጨረሰ፤ ሌላው በ6.56። ማን አሸነፈ? «የመጀመሪያው» ካላችሁ አትቸኩሉ። በአሜሪካ ድራግ ሬስ ሁለተኛውም ሊያሸንፍ ይችላል።

ምስጢሩ ያለው መነሻው ላይ በተተከለው፣ «የገና ዛፍ» በሚሉት የመብራት ምሰሶ ነው። ድሮ ውድድሩን የሚያስጀምረው ባንዲራ የሚያውለበልብ ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ዛፉ መጣ። የፊት ጎማዎቹ መነሻው ላይ ያለውን የብርሃን ጨረር ሲጋርዱ መኪናው ቦታውን እንደያዘ ይታወቃል። በከፍተኛዎቹ ምድቦች ሦስት ቢጫ መብራቶች በአንዴ ቦግ ይላሉ፤ ከ0.4 ሰከንድ በኋላ አረንጓዴው ይበራል። አረንጓዴውን አይቶ ልነሳ ያለ ሾፌር አለቀለት! እግሩ እስኪታዘዝ፣ መኪናውም ከጨረሩ እስኪወጣ ጊዜ ስለሚፈጅ የሚነሳው በቢጫው ነው። ልክ አረንጓዴው ሲበራ የወጣ 0.000 ይመዘገብለታል። በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ከቀደመ ግን ቀይ ይበራበታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ጉዱ ደግሞ ሰዓቱ ነው። የጉዞው ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው አረንጓዴው ሲበራ ሳይሆን ጎማው ከጨረሩ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ባለ 6.53ቱ ከአረንጓዴው በኋላ 0.08 ሰከንድ ካንቀላፋ ድምሩ 6.61 ይሆናል። ባለ 6.56ቱ በ0.04 ከተነሳ በ6.60 ቀድሞ ይገባል።

«ፈጣኑ መኪና ተሸንፎ ምኑን ፍትሕ ሆነ?» የሚሉ አይጠፉም። እኛ ግን ፍትሕ ነው እንላለን። መብራቱ ለሁለቱም እኩል በርቷል፤ መንቃትም የውድድሩ አካል ነው።

ይልቅ ፍትሕ የሚጎድለው እኛ አገር ሰው ሁሉ በሚያውቀው አትሌቲክስ ነው። በሐምሌ 2022 (እ.ኤ.አ.) ዩጂን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና፣ አሜሪካዊው ዴቨን አለን ከ110 ሜትር መሰናክል ፍጻሜ ተባረረ። ተኩሱን ቀድሞ አይደለም፤ ከተኩሱ በኋላ በ0.099 ሰከንድ ተነስቶ ነው። ደንቡ ከ0.100 በታች የተነሳን ሁሉ «ተኩሱን ሳይሰማ ገምቶ ነው» ብሎ ይቀጣል። አንድ ሺህኛ ሰከንድ የአንድ ዓመት ልፋት በላች።

ገምቶ ቢሆንስ? የተኩሱ ጊዜ እንደ ዛፉ የታወቀ አይደለም፤ ግምቱ ከሳተ ቀድሞ ይወጣና ይባረራል። አደጋውን የሚሸከመው ራሱ ነው። ዛፉ የሰው ልጅ ምን ያህል ሊፈጥን እንደሚችል አይፈርድም፤ የሚጠይቀው «ከምልክቱ በፊት ወጣህ ወይስ በኋላ?» ብቻ ነው። አትሌቲክሱም ይህንኑ ቢጠይቅ ይበቃዋል ባይ ነን። እናንተስ?