ስለ ወይን ቀማሾችና ስለ ስም ቀማሾች

የወይን ጠጁን ጣዕም አፉ ሳይነግረው በፊት በጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አንብቦ የጨረሰ ሰው አንባቢ ነው እንጂ ቀማሽ አይደለም። ማንበብስ መልካም ነው፤ እኔም ዕድሜዬን ያሳለፍሁት ማንበብን በማስተማር ነው። ነገር ግን ያነበበውን «ቀመስሁ» ብሎ የሚናገር ሰው ዋሽቷል። የምነቅፈው እንዲህ ያለውን ነው።

ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፥ «ይህ መምህር በስተርጅና ስለ መጠጥ ይጽፍልን ጀመር» ብላችሁ እንዳትስቁ። ጠጡ አላልሁም። የሠለጠነ ቀማሽ ወይኑን በአፉ ካገላበጠ በኋላ ይተፋዋል እንጂ አይውጠውም፤ አርባ ብርጭቆ ቀምሶ በእግሩ ወደ ቤቱ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

አስቀድሜ ለእውነት የሚገባትን ልስጥ። ወይኑ የተለቀመበት ዓመት ከንቱ ነገር አይደለም። ቦርዶ በፈረንሳይ አገር በምዕራብ በኩል ለውቅያኖስ የቀረበ አውራጃ ስለ ሆነ አየሩ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። (ዘመኑን ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በ1991 በሚያዝያ ወር የወረደው ውርጭ ቡቃያውን አቃጠለው፤ በ1982 ግን ፀሐይ በቅቶት ፍሬው በዝቶም በስሎም ገባ። ነገር ግን እዚህ ላይ ልብ በሉ። በዚያ አውራጃ ሁለት ዋና ዋና የቀይ ወይን ዘሮች አሉ፤ ሜርሎ ቀድሞ ይበስላል፥ ካቤርኔ ሶቪኞን ይዘገያል። በ1998 በለቀማው ወራት ዝናብ በመጣ ጊዜ፥ ሜርሎ በሚበዛባቸው በፖሜሮልና በሳንቴሚሊዮን አብዛኛው ፍሬ ተለቅሞ ገብቶ ነበር፤ በሜዶክ ግን ካቤርኔው ገና በሐረጉ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እንግዲህ «1998 መልካም ዓመት ነው» የሚለን ሰው ስለ የትኛው ወገን ይነግረናል? ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ አንድ ቁጥር ብቻ የተሰጠበትን ሠንጠረዥ በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው ይህን ጥያቄ አይወድም።

የስሙ ነገር ደግሞ ከዓመቱ ይብሳል። በ1855 በፓሪስ ታላቅ ትርኢት ሲደረግ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ሦስተኛው ናፖሌዎን የቦርዶ ወይን በማዕርግ እንዲመደብ አሳሰበ። የቦርዶ ደላሎችም ቀዩን ወይን በአምስት ማዕርግ ከፈሉት። በምን ለኩት ቢሉ፥ በምላስ አይደለም፤ በገበያ ያወጣ በነበረው ዋጋ ነው። ዋጋው ማዕርጉን ወለደ፤ ማዕርጉም ተመልሶ ዋጋውን ይወልድ ጀመር። ሙቶን ሮትሺልድ ከሁለተኛው ወደ አንደኛው ማዕርግ ከፍ ያለው በ1973 ነው፤ ይህን አንድ ለውጥ ለማየት መቶ አሥራ ስምንት ዓመት ማለፍ ነበረበት። በዚህ ሁሉ ዘመን አባት ሞቶ ልጅ ተተካ፥ መሬት ተሸጠ፥ ጠማቂው ተለወጠ፤ ማዕርጉ ግን እንደ ርስት ጸና።

ስሙ ሲሸፈን ምን እንደሚሆን ግን በ1976 ታየ። በፓሪስ ሱቅ የነበረው ስቲቨን ስፐሪየር የተባለ እንግሊዛዊ የወይን ነጋዴ ዘጠኝ የታወቁ ፈረንሳውያን ዳኞች ሰብስቦ፥ የፈረንሳይንና የካሊፎርኒያን ወይን ማንነቱ ሳይታወቅ አስቀመሳቸው። ከቀዩ አንደኛ የወጣው ስታግስ ሊፕ የተባለው የ1973 የካሊፎርኒያ ወይን ሲሆን፥ የ1970 ሙቶን ሁለተኛ ሆነ። ከነጩም የ1973 ሻቶ ሞንቴሌና፥ ይኸውም የካሊፎርኒያ፥ ቀደመ። በመካከሉ አንዱ ዳኛ የካሊፎርኒያውን ነጭ ቀምሶ ወደ ፈረንሳይ መመለሱን በደስታ ተናገረ ይባላል። ውጤቱ በተነገረ ጊዜ ግን «የእኛ ወይን ዘግይቶ የሚበስል ነው፤ ቆዩና እዩት» የሚል ምክንያት ተነሣ። ሠላሳ ዓመት ተቆየ። በ2006 ያው ቀይ ወይን እንደ ገና ሲቀመስ፥ ከአንድ እስከ አምስት የወጡት ሁሉም የካሊፎርኒያ ሆኑ።

እዚህ ላይ ሌላ ወገን ተነሥቶ «እንግዲያውስ ቅምሻ የሚባለው ሁሉ ማጭበርበር ነው» ይላል። ማስረጃም አያጣም። በቦርዶ 54 የወይን ትምህርት ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ የተደረገ ነጭ ወይን ቀርቦላቸው፥ ስለ ቀይ ወይን በሚነገሩ ቃላት ገለጹት፤ ይህ በ2001 ታትሟል። ሮበርት ሆጅሰን የተባለ፥ እንደ እኔ ጡረታ የወጣ መምህርና ወይን ጠማቂ ደግሞ፥ በካሊፎርኒያ ውድድር ለዳኞች ከአንዱ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ሳያውቁ እያስቀዳ ፈተናቸው፤ በፍርዱ የጸናው ከአሥሩ አንዱ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን የሰነፍ ነው። ሚዛን ሲያዛባ ሚዛኑን ያቃናል እንጂ ክብደት የሚባል ነገር የለም የሚል ነጋዴ ማን አየ? ምላስ ደካማ መሆኑ ከታወቀ፥ ዓይን እንዳያስተው መጠበቅ ነው።

ምላስን ትቶ ወረቀቱን ያመነ ሰው የደረሰበትን ደግሞ እዩ። በ2008 በኒው ዮርክ ለሐራጅ ከቀረቡት ጠርሙሶች መካከል፥ ከ1945 እስከ 1971 ባሉት ዓመታት ፖንሶ በተባለው የቡርጎኝ ቤት ተጠመቀ የተባለ ክሎ ሳን ዴኒ ነበረበት። ቤቱ ግን ያን ወይን ከ1980ዎቹ በፊት ጠምቆ አያውቅም። የቤቱ ባለቤት ሎራን ፖንሶ ራሱ መጥቶ ባይከለክል ኖሮ፥ ያልተወለደ ዓመት በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጥ ነበር። አቅራቢው ሩዲ ኩርኒያዋን በ2014 የአሥር ዓመት እስራት ተፈረደበት። እርሱን ያከበሩት ሀብታሞች ግን ለዓመታት ሐሰቱን እየቀመሱ ያደንቁ ነበር።

በአገራችንም ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በዝዋይ ወይን ተክሎ በ2014 ለገበያ አቀረበ። ኩባንያው ራሱ ከቦርዶ የመጣ ነው። ሆኖም «የዝዋይ ነውን?» ብሎ ሳይቀምስ ፊቱን የሚያዞር አዋቂ ነኝ ባይ ሞልቷል። ላይወድደው ይችላል፤ ነገር ግን ቀምሶ ይጥላ።

በማስተምርበት ዘመን የፈተና ወረቀት የማርመው ስሙ የተጻፈበትን ጫፍ አጥፌ ነበር፤ የሹም ልጅ ስሕተት ለዓይን ትንሽ ሆኖ ይታያልና። ወይንም እንዲሁ ነው። ዕድሜያችሁ ደርሶ ይህን ልታውቁ ብትፈልጉ፥ የአንድ ቤት ወይን፥ የሦስት ዓመት ለቀማ፥ ሦስት ጠርሙስ ይበቃል። ሌላ ሰው በጨርቅ ጠቅልሎ በቁጥር ይቅዳ፤ አንዱንም እናንተ ሳታውቁ ሁለት ጊዜ ይቅዳው። መዓዛውን፥ አፍ የሚያኮማትረውን ታኒኑን፥ ከተዋጠ ወይም ከተተፋ በኋላ የሚቀረውን ቃና ከባልንጀራችሁ ጋር ሳትነጋገሩ ጻፉ። ከዚያ ወዲያ ጨርቁ ይገለጥ። ለዚያ ሁለት ጊዜ ለተቀዳው ወይን ሁለት የተለያየ ፍርድ ጽፋችሁ ከተገኛችሁ፥ ወረቀቱን አትቅደዱት፤ ቀኑን ጻፉበትና አኑሩት።